ሱባድራ እንቅልፍ ወሰዳት፣ እና ምን ይጠበስ?

ሰሞኑን ያንን ስለ እርግዝና የሚያወራ ጽሑፍ ሦስት ሰው ላከልኝ። ሁለቱ «ህንድ ኖረሽ የለ፣ እስቲ እይው» ብለው ነው። ሦስተኛዋ ታናሽ እህቴ ናት፣ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች፣ ከስሩ የጻፈችው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «እኔ እኮ እስካሁን ምንም አላደረግኩለትም»። ሥራ ላይ ስለነበርኩ ስልኩን አስቀመጥኩት፣ መልሼ አነሳሁት። ስድስት ወር ሙሉ ተሸክማው፣ መጀመሪያ አካባቢ በትውከት ብዛት ሰውነቷ አልቆ፣ ክትትል አንድም ቀን ሳትቀር «ምንም አላደረግኩለትም»! ሰው ስለ ህንድ የፈለገውን ቢጽፍ እኔ ምን አገባኝ፣ ቁጭ ብዬ እንድጽፍ ያደረገችኝ ይቺ አንድ መስመር ናት።

ላላነበባችሁት ባጭሩ። ጽሑፉ ስለ ጋርብ ሳንስካር ነው። ጋርብ በሳንስክሪት ማህፀንም ጽንስም ማለት ነው፣ ሳንስካር ደግሞ ማነጽ፣ ማጥራት፣ ሰው ከአንድ የሕይወት ምዕራፍ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚደረግለት ሥርዓት፣ እንደዛ ያለ ነገር። ጸሐፊዋ የምትለው ህንዶች ከ5000 ዓመት በፊት ጀምሮ ልጅን ገና ማህፀን ውስጥ እያለ ያስተምሩት ነበር፣ ሳይንስ አሁን ነው የደረሰበት፣ ስለዚህ አንቺም ማንትራ፣ የሂንዱዎች የጸሎት ቃል ማለት ነው፣ አሰሚው፣ ክላሲካል ክፈቺለት፣ አታልቅሺ፣ አትናደጂ፣ ሥጋና እንቁላል ተዪ፣ ሳፍሮን የሚባለውን ቅመም በወተት ጠጪ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ከህንድ የማስመጣው ዱቄት አለ፣ በውስጥ አናግሩኝ»። ይሄን ያደረገች እናት ልጇ ሊቅ፣ ረጋ ያለ፣ መልኩም ቀላ ያለ ሆኖ ይወለዳል፣ ያላደረገች ደግሞ... እሱን አልጻፈችውም፣ እህቴ ግን ገብቷታል።

እኔ ሀኪም አይደለሁም። ለማስተርስ ፑኔ ሁለት ዓመት ተኩል ነበርኩ፣ ማሃራሽትራ ውስጥ ከሙምባይ ብዙ የማትርቅ ከተማ ናት፣ ሀበሻ ተማሪ አያጣትም። የተከራየሁት ክፍል ከአንድ የማራቲ ቤተሰብ ፎቅ ላይ ነበር። አከራዬን ካኩ ነበር የምላት፣ አክስቴ እንደማለት ነው፣ ምራቷን ደግሞ ቫሂኒ፣ የወንድም ሚስት ማለት። ቫሂኒ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘችው እኔ እዛ እያለሁ ነው፣ እና ይሄ ጋርብ ሳንስካር የሚባለው ነገር ሲደረግ ከደረጃው ላይ ሆኜ ዘጠኝ ወር ሙሉ አይቻለሁ። ስለዚ ከጽሑፉ ጋር ነጥብ በነጥብ እንሂድ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ «5000 ዓመት ያልተለወጠ ሳይንስ» የምትለው። የቆየ ነገር አለ፣ እሱን አልክድም። ሂንዱዎች ከጽንሰት እስከ ሞት የሚደርሱ 16 ሳንስካር አሏቸው ይባላል፣ ከነሱ ሦስቱ ልጅ ሳይወለድ የሚደረጉ ናቸው። ጋርባዳና የመጸነሻው ነው። ሁለተኛው ፑምሳቫና ይባላል፣ ጸሐፊዋ «የጽንሱን ጤና የሚያጠነክር ሥርዓት» ብላ አልፋዋለች፣ ግን ቃሉ ራሱ ወንድ ከሚለው የወጣ ነው፣ ወንድ ልጅ እንዲሆን የሚደረግ ሥርዓት ነው በቃ። ይሄን መደበቅ ምን ይጠቅማል? ህንድ እኮ የጽንስ ጾታ መንገርን በ1994 በሕግ የከለከለችው ሴት ጽንስ እየተለየ ሲወርድ ስላስቸገራት ነው፣ እስከዛሬ የአልትራሳውንድ ክፍል በር ላይ «እዚህ ጾታ አንናገርም» የሚል ማስታወቂያ ይለጠፋል። ቫሂኒ እስክትወልድ ድረስ ምን እንደያዘች ማንም አያውቅም ነበር።

ሦስተኛው ነው እኔ የምወደው፣ ሲማንቶናያና። ትርጉሙ ፀጉር መክፈል ነው። በድሮዎቹ የቤት ሥርዓት መጻሕፍት፣ ሁለት ሺ ምናምን ዓመት የሚሆናቸው ናቸው እንጂ 5000 አይሞሉም፣ ባልየው ሚስቱን ያስቀምጥና ሦስት ነጭ ነጠብጣብ ባለው የጃርት እሾህ፣ ካልበሰለ የሾላ ዘለላ ጋር ይዞ፣ ፀጉሯን ከግንባሯ ጀምሮ ወደላይ መሀል ለመሀል ይከፍልላታል። ቪና የሚባል የክር መሣሪያ ደርዳሪዎች ተጠርተው ይዘፍናሉ። አሁን ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ የሚሠራው ማነው? ባልየው። እሷ ቁጭ ብላ ፀጉሯ ይሠራላታል፣ ይዘፈንላታል። የጸሐፊዋን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት፣ ባል የሚለው ቃል አንድ ቦታ ነው የተጠቀሰው፣ እሱም «ባልሽን አታስቆጪው ድምፁ ጽንሱን ያስደነግጠዋል» የሚል ቦታ ላይ። ኧረ እንደው!

ዛሬ በኮርስና በአፕ የሚሸጠው፣ ለየወሩ የትኛውን ራጋ፣ የህንድ ሙዚቃ ቅኝት ማለት ነው፣ እንደምትሰሚ የሚነግርሽ ፓኬጅ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ያ የኛ ዘመን ሥራ ነው። ህንድ ውስጥም ቢሆን ሁሉም ሰው አጨብጭቦ አልተቀበለውም። በ2017 አሮግያ ባራቲ የሚባለው፣ የሂንዱ ብሔርተኛው ድርጅት የአርኤስኤስ የጤና ክንፍ፣ አጭርና ጠይም ወላጆች እንኳ ሥርዓቱን ከጠበቁ ረጅምና ቀይ ልጅ ይወልዳሉ የሚል ነገር ይዞ ኮልካታ ላይ ስብሰባ ሲጠራ፣ የምዕራብ ቤንጋል የሕፃናት መብት ኮሚሽን ነገሩን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድረስ ነው የወሰደው። «ህንድ ሁሉ የተቀበለው» የምትለው እንግዲህ ይሄን ነው።

ወደ አቢማንዩ እንምጣ። ጸሐፊዋ «የማይካድ ማስረጃ» ያለችው ይሄንን ታሪክ ነው። ማሃባራታ በሚባለው የህንዶች ጥንታዊ የጦርነት ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ወጣት ጦረኛ ነው፣ የአርጁናና የሱባድራ ልጅ። ታሪኩ በሕዝቡ አፍ እንዲህ ነው የሚወራው፦ አርጁና ለእርጉዟ ሚስቱ ቻክራቭዩሃ የሚባለውን፣ እንደ ጎማ የሚሽከረከር የጦር አሰላለፍ እንዴት ተሰብሮ እንደሚገባ ሲያወራላት ልጁ ሆዷ ውስጥ ሆኖ ይሰማል። መውጫው ላይ ሳይደርስ ሱባድራን እንቅልፍ ወሰዳት። ልጁ አደገ፣ በ16 ዓመቱ ጦርነት ላይ አሰላለፉን ሰብሮ ገባ፣ መውጣት ግን አያውቅም፣ ከበው ገደሉት።

የሚያስለቅስ ታሪክ ነው፣ ካኩ ስታወራው እኔም አይኔ እንባ ሞልቷል። ማስረጃ ግን አይደለም። እንደውም መጽሐፉ ላይ፣ ጦርነቱ መሀል፣ አቢማንዩ ራሱ የሚናገረው «መግባቱን አባቴ አስተምሮኛል፣ አደጋ ቢመጣ ግን መውጣት አልችልም» የሚል ነው። አባቱ አስተማረው፣ አለቀ። ደግሞ ታሪክ ማስረጃ ከሆነ ሁሉንም እንውሰድ እንጂ! እዛው ማሃባራታ ላይ አሽታቫክራ የሚባል አለ፣ እሱ ደግሞ ማህፀን ውስጥ ሆኖ አባቱ ቬዳ የሚባለውን ቅዱስ መጽሐፍ ሲደግም ስህተቱን አረመው፣ አባትየው ተናዶ ረገመው፣ ልጁ ስምንት ቦታ ተጣሞ ተወለደ። በዚህኛው ሂሳብ ከሄድን ልጅን በማህፀን ማስተማር እጅግ አደገኛ ነገር ነው ማለት ነው። ጸሐፊዋ እሱን ለምን ዘለለችው?

የኔ ችግር ግን ከእውነትነቱ በላይ ታሪኩ የሚሠራው ሥራ ነው። አርጁና ጨዋታውን አሳጥሮ በጊዜ ሊጨርስ ይችል ነበር። ወይ ልጁ ከተወለደ በኋላ ባሉት 16 ዓመታት መውጫውን ሊነግረው ይችል ነበር፣ 16 ዓመት እኮ ነው! ጥፋተኛዋ ግን ሱባድራ ናት፣ ስለተኛች። ቫሂኒ ሰባተኛ ወሯ ላይ ከሰዓት በኋላ ሶፋ ላይ ሸለብ ሲያደርጋት የመጣ እንግዳ ሁሉ «ሱባድራ!» እያለ ይስቅባት ነበር። እሷም ትስቅ ነበር። አንድ ማታ ግን ሰገነት ላይ ልብስ ስናወርድ እንዲህ አለችኝ፣ «ሁሉም ሰው ታሪኩን የሚያወራልኝ ልጁ ስለሰማው ነው። እኔ የሚታየኝ ግን ያቺ ሴት እንዴት ደክሟት እንደነበር ነው።» ባንክ ነበር የምትሠራው፣ ከነጋ እስኪመሽ። ከዛ በኋላ ይሄን ታሪክ በሌላ መንገድ ልሰማው አልቻልኩም።

እርጉዝ ሴት ብትተኛ ምን ይጠበስ? ትተኛ!

ሳይንስ የተባለውስ? እዚህ ጋ ጸሐፊዋ ግማሽ እውነት ይዛለች፣ ግማሽ እውነት ደግሞ ለመመለስ ከውሸት ይከብዳል። «80 በመቶ አእምሮ የሚያድገው ማህፀን ውስጥ ነው» ብላለች። ይሄ ቁጥር ህንድም ኮርስ የሚሸጡት ሁሉ የሚደጋግሙት ነው፣ ፑኔ ፖስተር ላይ አይቼዋለሁ። ስህተት ነው። ልጅ ሲወለድ አንጎሉ መጠኑ ከአዋቂ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። 80 በመቶ አካባቢ የሚደርሰው ሁለት ዓመት ሲሞላው ነው፣ ማለትም ተወልዶ፣ ጠብቶ፣ ድኾ፣ ሄዶ፣ እናቱን በጥያቄ ማድረቅ ሲጀምር። ቁጥሩ አለ፣ ቦታው ነው የተቀየረው። የተቀየረበት ምክንያት ደግሞ ግልጽ ነው፣ የሚሸጠው ኮርስ ለእርጉዝ እንጂ ለሁለት ዓመት ልጅ እናት አይደለማ።

«ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይሰማሻል» የተባለውም አይሆንም። በመጀመሪያው ወር ጆሮ የለውም፣ ምን ይዞ ይሰማል? ለድምፅ በደንብ ምላሽ መስጠት የሚጀምረው ከ24ኛው ሳምንት ወዲያ ገደማ ነው፣ ስድስተኛ ወር በሉት። ከዛ በኋላ ግን አዎ ይሰማል፣ እና ይሄ የሚገርም ነገር ነው፣ ምንም ማጋነን አያስፈልገውም። በ1980 ደካስፐርና ፋይፈር የሚባሉ አሜሪካኖች ሦስት ቀን ያልሞላቸውን ሕፃናት ጡጦ የመሰለ ነገር አጉርሰው አጠባባቸውን ሲለዋውጡ የእናታቸው ወይ የሌላ ሴት ድምፅ እንዲከፈት አደረጉ፣ ሕፃናቱ የእናታቸውን ድምፅ ለማስከፈት አጠባባቸውን ቀየሩ። በ1986 ደግሞ እናቶች በመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት በየቀኑ አንድ የልጆች ታሪክ ጮክ ብለው እንዲያነቡ ተደረገ፣ ልጆቹ ሲወለዱ ያንን ታሪክ ካልሰሙት ታሪክ ለይተው መረጡት። በ2001 ጁሊ ሜኔላ የምትባል ተመራማሪ በእርግዝናቸው መጨረሻ የካሮት ጭማቂ የጠጡ እናቶችን ልጆች አጠናች፣ ልጆቹ ምግብ ሲጀምሩ ካሮት ያለበት ገንፎ ላይ ፊታቸውን ብዙ አላጨማደዱም። ስለዚ ያ ጽንስ ድምፅሽን ያውቀዋል፣ የወጥሽን ጣዕም ሁሉ ትንሽ ትንሽ ያውቀዋል።

ግን እዩት እስቲ ምን እንደተማረ። የእናቱን ድምፅ። የቤቱን ምግብ። ይሄ ደግሞ ኮርስ አያስፈልገውም፣ አፍ ያላት እናት ሁሉ ስልክ ስታወራ፣ ከጎረቤት ስትጫወት፣ ሽንኩርት እየከተፈች ስታንጎራጉር የምታስተምረው ነው። ጥናቱ «ያውቃታል» ነው የሚለው፣ ጸሐፊዋ «ሊቅ ይሆናል» ብላ ተረጎመችው። ከማወቅ እስከ ሊቅነት ስንት መንገድ አለ።

ክላሲካል ሙዚቃ የተባለውንማ በአጭሩ ልለፈው። መነሻው በ1993 የታተመ ጥናት ነው፣ የተጠኑት 36 የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው፣ ጽንስም ሕፃንም የለበትም፣ አስር ደቂቃ ሞዛርት ሰምተው አንድ ዓይነት የቅርጽ ፈተና ላይ ለሩብ ሰዓት ያህል ትንሽ ተሻሉ፣ ከዛ ጠፋ። ከዚህ ተነስቶ በ1998 አሜሪካ ውስጥ የጆርጂያ ግዛት ገዥ ዜል ሚለር በግዛቱ ለሚወለድ ልጅ ሁሉ ሙዚቃ ለማደል 105 ሺ ዶላር በጀት ጠየቀ። ፈረንጅም ይሞኛል፣ የህንድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሙዚቃ ከወደድሽ ስሚ፣ ስፒከሩን ግን ከሆድሽ ላይ አንሺው፣ ውስጥ ያለው ልጅ ሸሽቶ የሚሄድበት ቦታ የለውም።

አሁን ዋናው ጋ ደረስኩ። «እናት በእርግዝናዋ የምታስበው ሁሉ ልጁ ላይ ይታተማል፤ ካለቀሰች አልቃሻ፣ ከተናደደች ቁጡ ይወልዳል፤ አዩርቬዳ እንዲህ ይላል።» አዩርቬዳ የህንዶች ጥንታዊ የባህል ሕክምና ነው።

ረጅም ጊዜ የቆየ ከባድ ጭንቀትና ድብርት ለእናትም ለልጅም ጥሩ እንዳልሆነ የታወቀ ነው፣ እንደዛ የሆነች ሴት ሀኪም ጋ መሄድ አለባት። ዮጋም ቢሆን ለሚስማማት ጥሩ ነገር ነው፣ ባንጋሎር ላይ በ2005 የወጣ ጥናት ዮጋ የሠሩት እርጉዞች የተሻለ ክብደት ያለው ልጅ ወልደዋል ይላል፣ ምንም ተቃውሞ የለኝም። ግን አንድ ማታ አለቀስሽ ተብሎ ልጅሽ አልቃሻ አይሆንም። እህቴ ትውከቱ ሲያሰቃያት ስንቴ አለቀሰች። አሁን ደግሞ ያለቀሰችበትን እያሰበች ታለቅሳለች፣ ጽሑፉ የፈየደው ይሄንን ነው።

«አዩርቬዳ ይላል» ስትል ደግሞ ምን እንደሚል እንይ። የጥንቱ ሀኪም ሱሽሩታ ስም ባለበት መጽሐፍ ላይ በአራተኛው ወር የጽንሱ ልብ ይገለጣል ይላል፣ ስለዚህ እርጉዟ ሁለት ልብ አላት፣ ሁለት ልብ ስላላት የሚያምራት የእሷ ብቻ አይደለም፣ የልጁም ነው፣ ስለዚህ ያማራት ይሰጣት፣ ከተከለከለች ልጁ ይጎዳል። እኛ አገር «ያማራትን ከልክለዋት ልጁ ላይ ምልክት ወጣ» እንደሚባለው ማለት ነው፣ አያቴ የሰማችው የህንድ ነገር የለም ግን ቁርጥ እሱኑ ትል ነበር። የልብ ሳይንሱን ተዉት። ግን ትእዛዙ ለማን ነው የተሰጠው? «ይሰጣት» ነው የሚለው። ለባል፣ ለአማት፣ ለቤተሰቡ ነው። ቻራካ የሚባለው ሌላኛው ትልቅ መጽሐፍ ላይ ደግሞ እርጉዝ ሴት እስከ አፉ ድረስ ዘይት እንደሞላ ዕቃ ተደርጋ ትያዝ ይላል፣ እንዳይፈስ፣ እንዳይናወጥ። ዕቃው ራሱን አይሸከምም እኮ! የሚጠነቀቀው ተሸካሚው ነው። ጸሐፊዋ ይሄን ሁሉ ገልብጣ ዕቃውን «ለምን ተናወጥክ» ብላ ተቆጣችው።

ፑኔ ያየሁትም ይሄንኑ ነው። በሰባተኛው ወር ዶሃሌ ጄቫን የሚባል ድግስ አለ። ዶሃሌ አምሮት ነው፣ ጄቫን ምግብ፣ የአምሮት ግብዣ እንበለው። ቫሂኒን አረንጓዴ ሳሪ አለበሷት፣ እጇን ሙሉ አረንጓዴ የብርጭቆ አምባር፣ አንገቷና ጆሮዋ ላይ ከወርቅ ይልቅ የአበባ ጌጥ፣ ከዛ በአበባ ባጌጠ ዥዋዥዌ ላይ አስቀመጧት። ሴቶቹ አንድ በአንድ እየመጡ በሳሪዋ እቅፍ ኮኮናት፣ ሩዝ፣ ፍራፍሬ፣ ጨርቅ ያስቀምጡላታል። ይዘፍናሉ፣ ዘፈኑ ስለ ማንትራ አይደለም፣ በዚህኛው ወር ምን አማራት፣ በዛኛው ወር ምን አማራት እያለ ነው የሚሄደው። ከዛ ሁለት የተከደነ ሳህን ያመጣሉ፣ አንዱ ውስጥ ፔዳ አንዱ ውስጥ ባርፊ የሚባል ጣፋጭ አለ፣ ፔዳ ያነሳች ወንድ ባርፊ ያነሳች ሴት። እሷ ባርፊ አነሳች፣ ካኩ ቶሎ ብላ «ጨዋታ ነው» አለች፣ ፊቷ ግን ትንሽ ወረድ ብሎ ነበር፣ አየሁት። ኋላ ሴት ልጅ ስትወለድ ግን ለፎቁ ሰው ሁሉ ፔዳ አደለች፣ የወንድ ጣፋጩን፣ ሰው «ወንድ ነው?» ሲላት «ሴት ናት፣ ብላ» ትላለች። ለዛ ብቻ እወዳታለሁ።

ይሄ ድግስ በየክልሉ አለ። ታሚሎች ቫላይካፑ ይሉታል፣ የብርጭቆ አምባር ነው ዋናው ነገር፣ የአምባሩ ድምፅ ለልጁ ይሰማል ይላሉ፣ ደስ የሚል ሐሳብ ነው፣ ማንንም አይጎዳም። በሰሜኑ ጎድ ባራይ ነው፣ እቅፍ መሙላት። ቤንጋሎች ሻድ ይሉታል፣ ኬረላ ላይ ፑሊኩዲ፣ የሚጎመዝዝ ነገር የምትጠጣበት። ከልጁ ጋር መተሳሰር የሚባለው እንግዲህ በተግባር ይሄንን ይመስላል፣ ሃያ ሴት እየዘፈነ እናቲቱን ያበላታል። የታሚል ናዱ መንግሥት ነገሩ ስለገባው በየሰፈሩ ባሉ የእናቶችና ሕፃናት ጣቢያዎች፣ አንጋንዋዲ ይሏቸዋል፣ ለድሃ እርጉዞች የጋራ ቫላይካፑ ይደግስላቸዋል፣ አምባር ታደርጋለች፣ የተለያየ ሩዝ ትበላለች፣ በዛው ስለ ምግብና ስለ ክትትል ይነገራታል። ጸሐፊዋ ከህንድ የምታመጣው ነገር ከፈለገች ይሄንን ታምጣልን።

ስለ ሥጋና እንቁላል ብዙ አላወራም ግን ያናድደኛል። «ህንዶች እርጉዝ ሲሆኑ ሥጋ አይበሉም» ትላለች። የትኞቹ ህንዶች? የቤንጋል የሻድ ሳህን ላይ የዓሣ ጭንቅላት ካልተቀመጠ ሻድ አይባልም። ተላንጋና ክልል ከ2015 ጀምሮ አንጋንዋዲ ለምትመጣ እርጉዝ ምሳ፣ አንድ እንቁላልና 200 ሚሊ ወተት በየቀኑ የሚሰጥ ፕሮግራም አለው። አዎ፣ በ2017 ከአዩሽ ሚኒስቴር፣ የባህል ሕክምናውን የሚመራው ማለት ነው፣ እርጉዞች ሥጋ፣ ሻይ፣ ቡና እንዲተዉ፣ ከንዴትና ከፍትወት እንዲርቁ፣ ቆንጆ ሥዕል እንዲያዩ የሚመክር ቡክሌት ወጥቶ ነበር፣ እዛው ህንድ ያሉ ሀኪሞች ናቸው የተነሱበት። ለምን ብትሉ በ2019-21 የተደረገው ብሔራዊ የቤተሰብ ጤና ጥናት ላይ ከእርጉዞቹ 52.2 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። ከግማሽ በላይ! በእምነቷ ምክንያት ሥጋ የማትበላ ሴት ምስሩም ባቄላውም ወተቱም አለላት፣ ከሀኪሟ ጋር ታስተካክለዋለች፣ ቫሂኒም ሥጋ አትበላም ነበር፣ ግን የብረት ኪኒኗን አንድ ቀን አትዘልም። እንቁላል ማግኘት የምትችል ሴት ግን ለልጇ ጠባይ ብላ እንቁላሏን ትተወው ማለት ምን የሚሉት ምክር ነው።

ሳፍሮን በወተት ልጅን ቀይ ያደርጋል የተባለው፣ አያደርግም። የቆዳ ቀለም ከእናትና አባት የሚወረስ ነው፣ ወተት ሄዶ አይቀባውም። ፑኔ ካኩም ታምንበት ነበር፣ ለቫሂኒ በየማታው ታፈላላት ነበር፣ ልጅቷ ቁርጥ አባቷን ጠይም ሆና ወጣች፣ ሳፍሮኑ ደግሞ እሳት ነው ዋጋው። ህንድን ያሰቃያት የቀለም ነገር የኛ ቤትም እንግዳ አይደለም፣ «ቀይ ናት ጠይም ናት» አራስ ጥየቃ ላይ ሁሉ ይወራል። ጸሐፊዋ ከህንድ የተዋሰችልን ይሄንኑ መሆኑ ያሳዝናል፣ የራሳችን አልበቃ ብሎ።

እና ዱቄቱ። «የተፈጥሮ ስለሆነ ጉዳት የለውም፣ የልጁን አእምሮ ያሰላዋል» የተባለው። ሌላው ሁሉ ቢበዛ ገንዘብና እንቅልፍ ነው የሚወስደው፣ ይሄኛው ላይ ግን አልቀልድም። አዩርቬዳ ውስጥ ማዕድንና ብረታ ብረት አቃጥሎና አላቁጦ መድኃኒት ማድረግ የቆየ ሙያ ነው፣ በስህተት ብቻ የሚገባ ነገር አይደለም። በ2004 በወጣ ጥናት ቦስተን አካባቢ ካሉ ሱቆች 70 የአዩርቬዳ ምርት ገዝተው ሲመረምሩ 14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይ አርሰኒክ የሚባሉ መርዛማ ማዕድናት ተገኙ፣ ከአምስት አንዱ ማለት ነው። በ2011 እና 2012 ደግሞ ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ከህንድ የመጣ የአዩርቬዳ መድኃኒት የወሰዱ ስድስት እርጉዝ ሴቶች ደማቸው በእርሳስ ተመርዞ ተገኙ። እርሳስ ከእናት ወደ ጽንስ በእንግዴ ልጅ በኩል ያልፋል። መጀመሪያ የሚጎዳው ደግሞ አንጎልን ነው። ልጄ ሊቅ ይሁንልኝ ብላ የገዛችው ነገር!

ሁሉም የህንድ መድኃኒት መርዝ ነው እያልኩ አይደለም። ጸሐፊዋ የለጠፈችውን ፎቶ ግን አሳድጌ አየሁት፣ ቆርቆሮው ላይ የአምራች ስም የለም፣ ይዘቱ አልተጻፈም፣ የሚያበቃበት ቀን የለም፣ ያለው የተኛ ሕፃን ሥዕልና የሎተስ አበባ ነው። ቆርቆሮው ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃለች? ካወቀች የላብራቶሪ ውጤቱን ትለጥፍልን፣ የእርሳሱ መጠን ስንት እንደሆነ በቁጥር። እስከዛ ድረስ በውስጥ ያናገራችኋት ካላችሁ የምትወልዱበት ጤና ጣቢያ ላለችው አዋላጅ ፎቶውን አሳዩአት፣ የወሰዳችሁም ካላችሁ ሳትፈሩ ንገሯት፣ በደም ምርመራ የሚታይ ነገር ነው።

እህቴ ትላንት ደውላ «እሺ ቢያንስ ምን ላሰማው?» አለችኝ። ከጀርባ የእናቴ ድምፅ ይሰማል፣ ስለ ጎረቤት ቡና ወፍጮ የሆነ ነገር እየተጨቃጨቁ ነው። «እሱን እየሰማ ነው» አልኳት።